የማምፎ ቆርቆሮ

አልጋው በበሩ አልወጣ አለ። ሁለት ሴቶች ከውስጥ ይገፋሉ፣ ሁለቱ ከውጭ ይጎትታሉ፣ ሁሉም በአንድ አፍ «ወደ ግራ! ኧረ ወደ እናንተ ግራ!» ይባባላሉ። የሟች መኝታ ቤት ባዶ መሆን አለበት። ዕቃው ይወጣል፣ መስታወቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ብቻ ይነጠፍና ሐዘንተኛዋ እዚያ ላይ ትቀመጣለች። እስከ ቅዳሜ ቀብር ድረስም አትነሳም። አልጋው በመጨረሻ በጎኑ ሲጋደም ከርብራቡ ሥር ተወትፎ የነበረ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ወደቀና ክዳኑ ተከፈተ።

የባንክ ካርዶች ናቸው። እያንዳንዱ ቁራጭ ወረቀት ተጠቅልሎበት በላስቲክ ታስሯል። ወለሉን ሞሉት፤ አንዱ እንደውም እስከ በሩ ድረስ ተንሸራቶ ሄደ። ሴቶቹ አልጋውን እንደያዙ ቁልቁል አዩ። ከአራቱ ሦስቱ ካርዳቸው እዚያ ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ፤ የአራተኛዋ ደግሞ የባሏ አለ። ግን ማንም አልጎነበሰም፤ አስከሬኗ ገና ከማቀዝቀዣ ሳይወጣ የማምፎን ቆርቆሮ ማን ይነካል?

የማምፎ ልጅ ፖንጾ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመቻቸውና ክዳኑን ገጠመች።

«ፍራሹን እዚህ አንጥፉልኝ» አለች።

ሲነጠፍላት ቆርቆሮውን ከሥሩ አስገብታ ላዩ ላይ ተቀመጠች፤ ብርድ ልብሱንም እስከ ራሷ ተከናነበች። ሰኞ ጠዋት ነበር። በሐምሌ የእኛ ሰፈር ብርድ አጥንት ይገባል፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ደግሞ በፍራሹ ውስጥ አልፎ ጭኗን ይወጋታል።

ማምፎን ማሾኒሳ እንላት ነበር፤ አራጣ አበዳሪ ማለታችን ነው። ባሏ ሠላሳ ዓመት ወርቅ ሲቆፍር ከርሞ በሳንባው አቧራ ሞተ፤ የማዕድን ድርጅቱም አሥራ ስምንት ሺህ ራንድ ካሣ ላከላት። ሌላ ሴት ብትሆን ሶፋ ትገዛበት ነበር። ማምፎ ግን የምትታጠፍ ወንበር ገዛችና በጡረታ ቀን ከባንኩ ማሽን አጠገብ ዘርግታ ተቀመጠች። መቶ የወሰደ በወሩ መቶ ሃምሳ ይመልሳል። ሃምሳውን ብቻ የሰጠ ሃምሳ ሰጠ እንጂ ዕዳ ቀነሰ አይባልም። መያዣው ካርድ ነው። በጡረታ ቀን ካርድህን ታወጣልሃለች፣ ገንዘቡን ታወጣለህ፣ ድርሻዋን ትወስዳለች፣ ካርዱ ተመልሶ ቆርቆሮ ይገባል።

ክፉ ነበረች ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም፤ ደግ ነበረች ብልም እዋሻለሁ። ባንክ ብትሄድ ሰውየው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ «የደመወዝ ወረቀት» ይልሃል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኛም ወደ ማምፎ እንሄድ ነበር። በር አንኳኩተህ «ልጄ ታመመብኝ» ስትላት ምን ሆነ ብላ አትጠይቅም፤ ገንዘቡን ቆጥራ «ካርድህን» ትላለች። ሰው ሲሞት የበቆሎ ዱቄት ተሸክማ ከሁሉ ቀድማ ለቅሶ ትደርሳለች። ወሩ ሲያልቅም ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች።

ፖንጾ በልጅነቷ ያቺን ወንበር ተሸካሚ ነበረች። በትምህርት ቤት «ሃምሳ ጨምሪ» ብለው ስም አወጡላት። ስታድግ ብሉምፎንቴን ሄዳ በአንድ ክሊኒክ ረዳት ነርስ ሆነች፣ ወደ ቤትም እየቆየች መምጣት ጀመረች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጭራሽ አልመጣችም ነበር። የዚያ ምክንያት አንድ ካፖርት ነው።

*

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አጎቷ ጼሊሶ ገባና ከበሩ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። የማምፎ ታናሽ ወንድም ነው፤ የቀብሩ ኃላፊም እሱ ነው። ከእሱ ጋር የጥንቱ አስተማሪያችን ሞጻማይ አብሮ ነበር፤ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ለድሃ በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ሻይና ዳቦ መጣላቸው።

«ነገ የጡረታ ቀን ነው» አለ ጼሊሶ። «ካርዶቹን ስጪኝ። እናትሽ እንደምታደርገው ማሽኑ ጋ እቆማለሁ። ሁሉም ያለበትን ያወጣል፣ እኔም ላም እገዛለሁ። አሥራ አራት ሺህ ነው የጠየቁኝ።»

«የምስጢር ቁጥራቸውን ያውቃሉ?» አለችው ፖንጾ።

«እነሱ ይነግሩኛላ! እናትሽማ አርባ ሦስቱንም በቃሏ ነበር የምትይዘው። የእኔን ልደት ግን አንድ ቀን አስታውሳ አታውቅም።»

ሞጻማይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሕግ ማውራት ነውር ነው ...»

«ታዲያ አታውራ።»

«ነገ ማሽኑ ጋ ከቆምክ ትታሰራለህ፣ ጼሊሶ። ቅዳሜ እህትህን ማን ሊቀብርልህ ነው?»

ጼሊሶ ስኒውን አስቀመጠ። «ምን አድርጌ ነው የምታሰረው? የእህቴን ገንዘብ ስለጠየቅሁ?»

«እህትህ ፈቃድ አልነበራትም። የሚያበድር ሰው መመዝገብ አለበት፤ ወለዱም ልክ አለው። ሳይመዘገብ ያበደረ ሰው ውሉ ከጅምሩ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከስሰህም አታስከፍልበትም።»

«ፈርመዋል እኮ! ደብተሩ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም?»

«ውሉ የለም እያልኩህ ፊርማው የምን ፊርማ ሊሆን ነው?»

«እሺ ወለዱ ይቅር። ዋናውስ? የባሏ የሳንባው ዋጋ አይደለም እንዴ?»

«ዳኛው ካመነበት ዋናው ይመለስ ሊል ይችላል። ግን ምን ይዘህ ትቀርባለህ? የሰው ካርድ? ካርድ በመያዣ መያዝ ራሱ ወንጀል ነው። ማስረጃህን ያሳየህ ቀን እጅህንም ለካቴና ትዘረጋለህ።»

«ታዲያ እህቴን በዶሮ ልቅበራት?» ጼሊሶ ድምፁ ተሰበረ። «ሕይወቷን ሙሉ የሰው ለቅሶ ያላጎደለች ሴት! ሰው ባዶ ሆዱን ከመቃብር ተመልሶ ምን ይላል? አበዳሪዋን ወንድሟ አጥንት ነፈጋት አይልም?»

ፖንጾ ዓይኖቿን ከወለሉ ሳታነሳ ትሰማለች። ካርዶቹን ብትሰጠው ነገ አጎቷ የዚያችን ወንበር ቦታ ይይዛል፤ የእናቷ የመጨረሻ ሥራም በለቅሶዋ አምስተኛ ቀን ከአሮጊቶች ጡረታ ላይ መቁረጥ ይሆናል። ብትመልስላቸው ደግሞ እናቴ ሰው ትዘርፍ ነበር ብላ በአደባባይ መናገሯ ነው፤ ያውም ገና ሳትቀበር። በሁለቱም በኩል የምታዋርዳት እናቷን ነው።

«ነገ ማለዳ ላሟን የሚሸጠው ሰውዬ ጋ ደርሼ እመጣለሁ» አለ ጼሊሶ ሲነሳ። «ስመለስ ቆርቆሮውን ትሰጪኛለሽ።»

ያን ሰዓት መውሰድ ይችል ነበር ትሉ ይሆናል። ሐዘንተኛን ከፍራሽ አስነስቶ ከሥሯ የሚፈትሽ ሰው ግን በእኛ አገር ገና አልተወለደም።

*

ሴቶቹ ለአሥራ አንድ ሰዓቱ ጸሎት ወንበር ሊደረድሩ ሲወጡ ፖንጾ ብቻዋን ቀረች። ቆርቆሮውን ስባ አወጣችና ወረቀቶቹን እየፈታች ማንበብ ጀመረች። የእናቷ ጽሕፈት ነው፤ ፊደሎቹ ትልልቅና ቀጥ ያሉ። ስም፣ የተወሰደው፣ ለምን እንደተወሰደ። ለጣራ ቆርቆሮ። ለልጅ ዩኒፎርም። ለቀብር። ለቀብር። ለመነጽር። በአንዱ ላይ «ዲሴቦ፣ 600፣ ለልጇ ሬሳ ሣጥን» ይላል፤ ከሥሩ የወራት ምልክት እየተጨመረ ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ሌላ ተቀጥሎበታል። ሰባት ዓመት። የአጎቷን የጼሊሶን ካርድም አገኘችው፤ «ለመኪና ጎማ»። ሳታስበው ፈገግ አለችና አፏን በብርድ ልብሱ ሸፈነች።

ከሁሉ ሥር የነበረው ካርድ ላይ የተጻፈውን ስም ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ማምፎ፣ 800፣ የፖንጾ ካፖርት።»

ሁለት ዓመት ወደኋላ ነው። ብሉምፎንቴን ልትመለስ አውቶቡስ ስትጠብቅ እናቷ ሰማያዊ ካፖርት ይዛ መጣች፤ ወፍራም፣ ውስጡ የተደረበ፣ በሰፈራችን ማንም ለብሶት የማያውቅ። ፖንጾ ከየት መጣ አለች። እናቷ ደግነት ሲያሳፍራት ትኖር የነበረች ሴት ናትና «አንዷ መክፈል ሲያቅታት የሰጠችኝ ነው፣ ልበሽው» አለቻት። ፖንጾ ትከሻዋ ላይ የተደረበላትን በሕዝብ ፊት አውልቃ የፌርማታው ወንበር ላይ ጣለችው።

«የሰው እንባ ያለበትን አልለብስም።»

እናቷ ካፖርቱን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችና አውቶቡሱ እስኪሄድ ቆመች። ከዚያ በኋላ በስልክ የሚያወሩት ስለ አየሩ ብቻ ነበር።

አዲስ ነበር ማለት ነው። ከሱቅ የተገዛ፣ ማንም ያላለቀሰበት። ለራሷ እንኳ አላዳላችም፤ ከራሷ ገንዘብ ስምንት መቶ ተበድራ፣ ካርዷን መያዣ አድርጋ፣ በየወሩ ከጡረታዋ እንደማንም ሰው ሃምሳ በመቶውን እየቆረጠች ስትከፍል ኖራለች። ዋናው ገና አልተነካም። ፖንጾ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከሰኞ ጀምሮ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ሴቶቹ ከደጅ ሰምተው «ተመስገን፣ ወጣላት» ተባባሉ።

በጸሎቱ ሰዓት እማማ ዲሴቦ እንደ ልማዷ ከፍራሹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ሲታጠፍ ይንቋቋል። መዝሙሩ ከፍ ሲል ፖንጾ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ነገ ጠዋት ባንክ ከመሄድዎ በፊት መጥተው እጄን ይጨብጡኝ። ቆርቆሮው ውስጥ ካርድ ላላቸው ሁሉ ይንገሩልኝ። በየተራ ይምጡ።»

ዲሴቦ መዝሙሩን አላቋረጠችም። ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

*

ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጓሮው ሞላ። ጼሊሶ ላም ሊዋዋል ሄዷል። ሰዎቹ ሻላቸውን በመርፌ ቁልፍ አያይዘው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በጡረታ ቀን ለማሽኑ እንደሚሰለፉት ከመኝታ ቤቱ በር እስከ አጥሩ ተሰለፉ። ለልቅሶ የመጣ ሰው ተሰልፎ ሲያዝን ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዲሴቦ ቀድማ ገብታ ተንበረከከች። «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» ብላ እጇን ዘረጋች። ፖንጾ ከብርድ ልብሱ ሥር እጇን አወጣችና ጨበጠቻት፤ ካርዱ ከመዳፍ ወደ መዳፍ አለፈ። አሮጊቷ ግን እጇን አልሳበችም።

«ስንት ቀረኝ?»

«ምንም የለብዎትም፣ እማማ።»

«ስድስት መቶው እንዳለ ነው። እኔም እቆጥራለሁ እኮ።»

«መምህር ሞጻማይ ነግሮናል። እናቴ ፈቃድ አልነበራትም። ሕጉ ውሉ ከጅምሩ አልነበረም ነው የሚለው።»

የዲሴቦ ፊት ተለወጠ። ፖንጾ የምትደሰት መስሏት ነበር።

«አልነበረም?» አለች ዲሴቦ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ወር በመጣ ቁጥር ሦስት መቶ ስሰጥ፣ ሻዬን ያለ ስኳር ስጠጣ፣ ያ ሁሉ አልነበረም? ልጄን የቀበርኩበት ገንዘብ አልነበረም? ታዲያ ልጄን በምን ቀበርኩት?»

«እማማ፣ ይቅርታ ... እንደዚያ ማለቴ አይደለም።»

«ሕጉ የወደደውን ይበል። ያቺ እናትሽ ገፍፋኛለች፤ አልደብቅሽም፣ ስትሞት ሰምቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ካርዴን ነው። ግን ያን ቀን ሌላ ማንም በሩን አልከፈተልኝም። አልነበረም አትበይኝ፣ ልጄ። ጨርሰሻል በይኝ።»

ፖንጾ አሁንም እጇን እንደያዘች ነው።

«ጨርሰዋል፣ እማማ ዲሴቦ።»

«እንዲያ ነው እንጂ» አለች አሮጊቷ፤ እጇን ስባ ካርዱን ደረቷ ውስጥ ከተተችና በሁለት ሴቶች ተደግፋ ተነሳች።

ከዚያ በኋላ ፖንጾ ለእያንዳንዱ ሰው የምትለውን አውቃለች። ይገባሉ፣ ይንበረከካሉ፣ እጅ ይሰጣሉ። «እግዜር ያጽናሽ።» «ጨርሰዋል።» አንዳንዱ ሰምቶ ያለቅሳል። አንዱ ሽማግሌ ደንግጦ «እኔ እኮ ባለፈው ወር ነው የወሰድኩት፣ ገና አንድም አልከፈልኩም» አለ። «እርስዎም ጨርሰዋል» አለችው። አንዷ ወጣት ሴት ካርዷን ተቀብላ «ሌባ ነበረች፣ አንቺም በሌባ ገንዘብ ነው ያደግሽው» ብላ በጆሮዋ ተናገረች። ፖንጾ እጇን አልለቀቀችም፤ ለእሷም ጨርሰሻል አለቻት።

ጼሊሶ ሲመለስ ጓሮው ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ ማሽኑ ጋ ሄዷል። ጫማውን እንኳ ሳይጠርግ ገባ።

«ቆርቆሮው የታለ?»

ፖንጾ ከጎኗ ክፍት ሆኖ የተቀመጠውን ቆርቆሮ አሳየችው።

«ምን አደረግሽ? ምን ማድረግሽ ነው አንቺ ልጅ? ቀብድ ከፍዬ መጣሁ እኮ! በእናትሽ ለቅሶ ...»

«እጅዎን ይስጡኝ፣ አጎቴ።»

«እጄን ምን ያደርግልሻል?»

«አልጨበጡኝም እኮ። እናቴ ካረፈችበት ከቅዳሜ ጀምሮ ሩጫ ላይ ነዎት፤ እግዜር ያጽናሽ እንኳ አላሉኝም።»

እውነቷን ነበር። ጼሊሶ ቁጣው ፊቱ ላይ እንዳለ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰጣት። መዳፉ ውስጥ የገባውን ሲያየው የራሱ ካርድ ነው፤ የመኪና ጎማው ወረቀት እንደታሰረበት።

«ጨርሰዋል» አለችው።

መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ወረቀቱን አየው፣ የእህቱን ትልልቅ ፊደሎች አየ። «ለእኔ እንኳ» አለ፣ «ለገዛ ወንድሟ እንኳ ሃምሳ ነበር የምትጨምርብኝ። አንድ ሳንቲም አትተውልኝም ነበር።» መሳቅ ጀመረና መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረበት። የእህቱን ሞት ገና ያን ጊዜ የሰማው ይመስል ነበር።

ላም አልታረደም። ጼሊሶ ከራሱ በረት አንድ በግ አመጣ። ካርዳቸውን ከወሰዱት ውስጥ አሥራ አንዱ ጎመን፣ ስኳር፣ አንዲት ዶሮ እየያዙ ተመለሱ። የቀሩት እስከ ቀብሩ አልታዩም፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ጉድጓዱን ግን የሰፈሩ ወንዶች ሳይጠሩ መጥተው ቆፈሩ።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስከሬኗ ወደ ቤት ገባ። እኛ ዘንድ ሟች ከመቀበሩ በፊት አንዴ ቤቱ ያድራል። ሣጥኑን ከፍራሹ አጠገብ አስቀመጡና የቀብር ድርጅቱ ሰው ክዳኑን ከፈተ። ዘመድ አይቶ ወጣ። ዲሴቦ የመጨረሻዋ ነበረች፤ ማምፎን ለረጅም ጊዜ ቁልቁል አየቻት፣ የከፈኗን ጫፍ አስተካከለችላትና በሩን ዘግታ ወጣች።

ፖንጾ ከብርድ ልብሷ ሥር ሰማያዊውን ካፖርት ለብሳለች። ጠዋት ከጓዳ አስፈልጋ አስመጥታዋለች። እጅጌው ላይ የሱቁ ክር ገና አልተፈታም።

እስካሁን አርባ ሦስት እጅ ጨብጣለች። በፍራሹ ላይ በጉልበቷ ተጠግታ የእናቷን ቀኝ እጅ ያዘች። ቀዝቅዟል፤ ጣቶቹ ደርቀው አልታጠፍ አሉ። ቆርቆሮው ሥር ቀርቶ የነበረውን የእናቷን ካርድ መዳፏ ውስጥ አስገባችና ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አጠፈቻቸው።

«ጨርሰሻል፣ እማዬ» አለቻት፤ እጇንም እንደጨበጠች ቆየች።